«መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ሳመለክት ቆይቻለሁ። ሁሉንም የሠራሁት በራሴ ነው። የዱዎሊንጎን የእንግሊዝኛ ፈተና እንኳ የወሰድኩት ፒያሳ ባለው የጓደኛዬ ወንድም ቢሮ ነው፣ እኛ ቤት ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ። መጋቢት ላይ መልሱ መጣ። አብዛኞቹ አልተቀበሉኝም። አንዱ ተቀብሎኛል፤ ግን ስኮላርሺፑ ሙሉ አይደለም፣ በዓመት 14 ሺህ ዶላር ከቤተሰብ ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ የምመኘው ኮሌጅ ደግሞ ዌይትሊስት አደረገኝ፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አስገባኝ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር «አልተቀበልንህም» ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ ኢሜይሌን አያለሁ። ቀን መጽሐፍ ስገልጥ ምንም አይገባኝም። አባቴ ሰኞ ገበያ ሱቅ አለው፤ «ቦታችንን ሸጬም ቢሆን የተቀበለህ ጋ እልክሃለሁ» ይላል። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ «መቼ ነው የምትሄደው?» ይለኛል፣ ዱዓም ያደርጉልኛል። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ምን ልበላቸው? ምንስ ላድርግ?

(ስሜ ይቆየኝ፣ ከደሴ)

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቦታውን ነገር እንጨርስ። ሌላው ሁሉ በኋላም ይደርሳል፣ የተሸጠ ቦታ ግን አይመለስም። አባትህ ቦታውን አይሽጡ።

ሒሳቡን ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። 14 ሺህ ዶላር የአንድ ዓመት ነው። ለአራት ዓመት 56 ሺህ ይሆናል፣ ያውም ኮሌጁ ክፍያውን ካልጨመረ፤ አብዛኞቹ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራሉ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የክረምት ልብስ፣ ዶርም በሚዘጋበት ጊዜ የምትቆይበት ቤት፣ አንዳንዴም የጤና ኢንሹራንስ ከዚህ ውጭ ነው። «እዚያ ሄዶ እየሠራ ይከፍላል» የሚል ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ያ ገንዘብ ለመጽሐፍና ለኪስ ይበቃ ይሆናል፣ 14 ሺህ ዶላር ግን አይሞላም። ደግሞም ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያው ዓመት ወጪ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ይጠይቃል። እሺ፣ ቦታው ተሸጦ አንደኛው ዓመት ተሞላ እንበል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሱቁ ሊሸጥ ነው? ከዚያ በኋላ ታናናሾችህ በምን ይማራሉ? ብር አልቆበት ከመንገድ የተመለሰ ልጅ ከማንም በላይ ይጎዳል፣ እኔ ያንን ለአንተ አልመኝም።

ኮሌጁን ዝም ብለህ ተወው ማለቴ ግን አይደለም። ዛሬውኑ የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮውን ጻፍለት። የአባትህን ገቢ፣ ስንት ልጅ እንደሚያሳድጉ፣ በዓመት በእውነት መክፈል የምትችሉትን ሳታጋንንም ሳትቀንስም አስቀምጥና «ልትጨምሩልኝ ትችላላችሁ?» በላቸው። ይህ ነውር አይደለም፣ እነሱም የለመዱት ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ «ያለን ይሄው ነው» ይላል። መልሱን እስክታገኝ ድረስ ማስያዣ እንዳትከፍል፤ ቀኑ ከደረሰብህ «ጊዜ ጨምሩልኝ» ብለህ ጠይቅ። ካልጨመሩልህ አመስግነህ ተው። ያማል፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዌይትሊስቱ እንምጣ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅክ ሌሊት ሌሊት የምትነሳበት ምክንያት ይቀንሳል።

አንድ ኮሌጅ 500 ተማሪ ማስገባት ቢፈልግ የሚቀበለው 500 ብቻ አይደለም። ከተቀበላቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሌላ ጋ እንደሚሄዱ ስለሚያውቅ ከዚያ አብዝቶ ይቀበላል፣ ግምቱ ባይሰምርለት የሚሞላበትን ደግሞ በተጠባባቂነት ያቆያል። የተቀበላቸው ልጆች መልስ የሚሰጡት እስከ ሜይ 1 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን የሚከበርበት ዕለት። ኮሌጁ ቆጥሮ ጉድለቱን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጎደለ ማለትም በተራ ይጠራሉ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ዝርዝሩን በደረጃ አያስቀምጡትም። ፊዚክስ የሚያጠና ከጎደላቸው እሱን ይፈልጋሉ፣ ሙሉ ከፍሎ የሚማር ከጎደላቸው እሱን ይጠራሉ። ስለዚህ «ስንተኛ ነኝ?» ብለህ አትጻፍላቸው፣ ቁጥር የለህም።

ዕድሉ ምን ያህል ነው? ናካክ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝርዝሩ ላይ ለመቆየት ከተስማሙት ተማሪዎች ውስጥ ኮሌጆች በአማካይ የተቀበሉት 20 በመቶውን ነው። በጣም መራጭ የሆኑት ጋ ግን 7 በመቶ ብቻ ነበር። ሙሉ ስኮላርሺፕ ለሚፈልግ የውጭ አገር ልጅ ደግሞ በሩ ከዚህም ይጠባል፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የእርዳታው በጀት አብዛኛው ተደልድሎ አልቋል። ሃርቫርድን፣ ዬልን፣ ፕሪንስተንን፣ ኤም.አይ.ቲ.ንና አምኸርስትን የመሳሰሉ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙንም ያያሉ። ይህን የምነግርህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ጭንቅላትህ ተመዝኖ ቀለለ ብለህ እንዳታስብ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ገንዘብ ነው።

በእጅህ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ፖርታሉ (ያመለከትክበት የኮሌጁ ድረ ገጽ) ውስጥ ገብተህ «ዝርዝሩ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ» የሚለውን መጫንህን አረጋግጥ። ሳይጫኑት ዝም ብለው የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ያልጫነ ደግሞ እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ከዚያ አንዲት አጭር ኢሜይል ጻፍ፦ ከዌይትሊስት ለሚገቡ የውጭ ተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ አላችሁ ወይ? በቃ። መልሱ «የለንም» ከሆነ፣ መጠበቁ ያኔውኑ አበቃ፣ ቢጠሩህም አትሄድምና። ብዙ ልጅ ይህን ጥያቄ የሚፈራው መልሱን ስለሚፈራ ነው። አንተ ግን ጠይቅ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከመብሰልሰል አሁኑኑ ማወቅ ይሻልሃል።

«አለን» ካሉህ ደብዳቤ ጻፍላቸው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማመልከቻውን ካስገባህ በኋላ ምን አዲስ ነገር አለ? የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤትህ፣ የሰፈር ልጆችን የምታስጠና ከሆነ እሱ፣ ክበብ ውስጥ የሠራኸው ሥራ። ያንን በቀጥታ ጻፈው። በ2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ያየኸውንና የተሰደድክበትን በማመልከቻ ድርሰትህ ላይ ጽፈህ ይሆናል፤ ከደሴ ለሚጽፍ ልጅ ትልቅ ታሪክ ነውና መጻፍህም ትክክል ነው። በዚህ ደብዳቤ ግን አትድገመው፣ አንብበውታል። አሁን ማወቅ የሚፈልጉት ዛሬ ምን ላይ እንዳለህና በእርግጥ ትመጣ እንደሆነ ነው። «እርዳታው ከበቃኝ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ስጥ፣ ከሰጠህም ጠብቀው። ትምህርት ቤታችሁ ካውንስለር ከሌለው የክፍል ኃላፊህ ወይም ርዕሰ መምህሩ አዲሱን ውጤት በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው፣ ማኅተም አድርገውበት፣ ከራሳቸው ኢሜይል ይላኩልህ። አንዴ ላክና ተዋቸው። ፖርታሉ «ተጨማሪ ነገር አትላኩ» የሚል ከሆነ ግን ምንም አትላክ፣ የሚሉትን የሚሰማ ልጅ መሆንህም ይታያል።

ፓስፖርት ከሌለህ አሁን ጀምር። ደሴ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ አዲስ አበባ መንከራተት የለብህም። ከዌይትሊስት የሚጠራ ልጅ መልስ እንዲሰጥ የሚሰጠው ጊዜ አንዳንዴ ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ አይ-20 አለ፣ 350 ዶላር የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ አለ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ አለ። ዶላሩ የሚከፈለው አይ-20 ከመጣ በኋላ ነው፣ ፓስፖርቱ ግን ለሌላም ስለሚሆንህ አይባክንም።

የሌሊቱን ነገር ደግሞ እንየው። በአሜሪካ ምሥራቁ በኩል ያለ ቢሮ አሁን ባለው ሰዓት ሲከፈት እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ሲዘጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ምዕራቡ በኩል ያለ ከሆነ ሦስት ሰዓት ጨምርበት። ማታ ብትነሳ አንተ ባየኸው ሰዓት ገና ያልተላከ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ብታይ ግን የትናንቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ጠዋት ቁርስ በልተህ አንዴ እይ። ኖቲፊኬሽኑን አጥፋው። ማታ ስልኩን ለእናትህ ስጣቸውና ተኛ። ሌሊት የመጣ ኢሜይል በጥቂት ሰዓት አያመልጥህም።

አሁን ከልቤ የምፈራልህን ልንገርህ። ዌይትሊስቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ማትሪኩ ነው።

ቀኑን እየው። ኮሌጁ ተጠባባቂ የሚጠራው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ አንዳንዴም እስከ ሐምሌ ነው። ማትሪኩም የሚመጣው በሰኔና በሐምሌ ነው። አንተ ኢሜይል የምትጠብቅባቸው ወራትና የምታጠናባቸው ወራት አንድ ናቸው ማለት ነው። በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2017 ትንሽ ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ሆነ። ከአስር ዘጠኙ ወደቀ ማለት ነው። አሜሪካ ላለ ኮሌጅ ድርሰት ጽፈህ፣ ዱዎሊንጎ ተፈትነህ ዌይትሊስት ድረስ የደረስክ ልጅ ይህን ፈተና ማለፍ ትችላለህ፣ ካጠናህ። ካላጠናህ ግን ሚያዝያ ላይ አንድ በር፣ ሐምሌ ላይ ሁለተኛው በር ይዘጋብሃል፣ ሁለተኛውን የዘጋኸው ደግሞ ራስህ ትሆናለህ።

ስለዚህ ዕቅድህን «አልተቀበሉኝም» ብለህ አውጣ። ልብህ ተስፋ ቢያደርግ ማንም አይከለክለውም፣ ፕሮግራምህ ግን ተስፋ ላይ አይቁም። ከተጠራህ በደስታ ትቀይረዋለህ። ቤታችሁ ጎረቤት የሚበዛበት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እስኪዘጋ ተቀመጥ። የጓደኛህ ወንድም ቢሮም ሰው ከሌለበት ጥሩ ቦታ ነው፣ ጠይቀው። የከበደህን ትምህርት በጠዋቱ ጀምረው፣ ኢሜይሉን ከማየትህ በፊት ብታደርገው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

አገር ውስጥ ያሉትን አማራጮችም እንደ ቅጣት አትያቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው መግቢያ አላቸው፣ ማስታወቂያቸውን ተከታተል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚሁ ነው፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጨምሮ። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ መሐንዲሶች ከየትም ተመርቀው ነው የወጡት፣ ያመለከቱበትን የመጀመሪያ ምርጫ ዛሬ የሚያስታውሱትም ጥቂቶች ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለማመልከት ካሰብክ ግን አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረን ልጅ የሚያዩት እንደ ትራንስፈር ነው፣ ለትራንስፈር የውጭ ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ስንት ሴሚስተር ከተማርክ ትራንስፈር እንደሚሉህ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። እዚህ ከመመዝገብህ በፊት የምትፈልጋቸውን ኮሌጆች ደንብ አንብብ፣ ግልጽ ካልሆነልህ በኢሜይል ጠይቃቸው። ይህን ሳያውቁ አንድ ዓመት ተምረው ዕድላቸው የጠበበባቸው ልጆች አሉ። አንድ ዓመት ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቁንም እንዲሁ አትወስን፣ ምን እየሠራህ እንደምትቆይ መናገር ከቻልክ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ጎረቤቶቹስ? እነዚያ እናቶች ክፉ አስበው አይደለም የሚጠይቁህ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው ዱዓ የሚያደርጉልህ የራሳቸው ልጅ ስለመሰልካቸው ነው። ግን ያልሆነውን «ልሄድ ነው» አትበላቸው፣ አንዴ ካልክ በየሳምንቱ መድገም ይመጣል። ዝምታህ ደግሞ ሌላ ወሬ ይወልዳል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዝ፦ «መልሱ ገና አልተቆረጠም፣ አሁን ለማትሪክ እያጠናሁ ነው፤ ለእሱ ዱዓ አድርጉልኝ።» ይህ እውነት ነው፣ ወሬውንም ይዘጋል። እናትህም ይህንኑ እንዲሉ ንገራቸው፣ ሁለታችሁ የተለያየ ነገር ካላችሁ ጥያቄው አያቆምም። ጭንቅ ብሎህ መቀመጥ ካቃተህ ደግሞ ሰላም ብለህ ሲኒህን ተቀብለህ ወደ ጥናትህ ግባ፣ ተማሪ ነህና ማንም አይቀየምህም።

አባትህን በተመለከተ የመጨረሻ ነገር። ቦታ ሸጦ ልጅ መላክ የፈለገ አባት ምን ያህል እንደሚወድህ አንተም ታውቀዋለህ። «አይሆንም» ስትላቸው ሒሳቡን በወረቀት ይዘህ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ንገራቸው። ደንበኛ ፊት አይሁን።

—

ከኮምቦልቻ የመጣ አጭር ደብዳቤ ደግሞ ይኸውና። ከላይ ካለው ጋር ስለሚገናኝ አንድ ላይ አድርገነዋል።

ጤና ይስጥልኝ። ልጄም ውጭ አገር አመልክታ «ተጠባባቂ ነሽ» ተብላለች። አንድ ሰው በቴሌግራም አገኘንና «ኮሌጁ ውስጥ ሰው አለኝ፤ 80 ሺህ ብር ብትከፍሉ ከተጠባባቂነት አውጥቼ አስገባታለሁ» አለን። እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ልጄ «ክፈይልኝ» እያለች ታለቅሳለች። ምግብም እምብዛም አትበላም። ልክፈል ወይ?

(እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ

እናቴ፣ አይክፈሉ። አንድ ብርም አይስጡት።

የአሜሪካ ኮሌጅ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ለመቆየትም ሆነ ከዚያ ለመግባት ገንዘብ አይጠየቅም። የሚወስነው የቅበላ ቢሮው ነው፣ በቴሌግራም ወኪል ልኮ ብር የሚሰበስብ የለም። ሰውየው ስለ ልጅዎ በምን እንዳወቀም ይጠይቋት፤ ምናልባት በሆነ ግሩፕ ላይ የደረሳትን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ለጥፋው ይሆናል። የኢሜይሏን ወይም የፖርታሏን የይለፍ ቃል፣ የፓስፖርቷን ፎቶ ሰጥታው ከሆነ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ትቀይር። የጻፈላችሁን ሳታጠፉ አስቀምጡና ለፖሊስ አሳዩ፣ ነገ የሌላዋን እናት እቁብ እንዳይበላ።

ልጅዎ «ክፈይልኝ» ብላ ማልቀሷ እርስዎን ለማስጨነቅ አይደለም። የምትይዘው ነገር ስላጣች ነው። ከላይ ለደሴው ልጅ የጻፍኩትን አብረው ያንብቡት፣ የእርዳታውን ጥያቄ ዛሬ እሷ ራሷ ትላክ፣ ቢያንስ አንድ ነገር በእጇ እንደሠራች ይሰማታል። እርስዎ ጠዋት ጠዋት «መጣ ወይ?» ብለው አይጠይቋት። ከመጣ እሷ ትነግርዎታለች። ምግቡን ለብቻዋ ከማቅረብ አብራችሁ ብሉ፣ ስለ ኮሌጅ ሳታነሱ። «ነግሬሽ ነበር» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ለጊዜው ዝም እንዲል ያድርጉልኝ።

አለመብላቷና እንቅልፍ ማጣቷ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል አንዴም ቢሆን ከአፏ ከወጣ ግን ጊዜ አይስጡት። ያን ቃል ከሰሙ በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ብቻዋንም አይተዋት። ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ወጥታችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ።